ከቤት እየሰራችሁ የመብራት ቢል ከከበዳችሁ ምኑን ከምኑ ትመርጣላችሁ?

ከቤት መስራት በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ቢሉ ሲመጣ እህቴ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አርጋ "ይኸው፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ከፍተህ ስትውል" አለችኝ፣ እኔም አመንኩ። ሌላ የተቀየረ ነገር የለማ! ድሮ ጠዋት ወጥቼ ማታ እገባለሁ፣ አሁን እቤት ነኝ፣ ከኔ ጋ አብሮ እቤት የዋለው ደሞ ኮምፒውተሩ ነው። እና ምን አደረግኩ፣ ዴስክቶፑን ሽጬ ላፕቶፕ ልገዛ ተነሳሁ፣ ስራ የፈታ የስልክ ቻርጀር ሶኬት ላይ ባየሁ ቁጥር መንቀል ጀመርኩ፣ የስክሪኑን ብርሃን አይኔ እስኪያለቅስ ድረስ ቀነስኩት። የሚቀጥለው ወር ቢል መጣ። ፍንክች አላለም።

ነገሩ የገባኝ ቆጣሪው ፊት ወንበር ስቤ ቁጭ ያልኩ ቀን ነው። ዲጂታል ቆጣሪ ካላችሁ ፊቱ ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት አለች፣ አጠገቧ ደሞ 1000 ወይ 1600 ወይ 3200 የሚል ቁጥር ይኖራል፣ ያ ማለት አንድ ኪሎዋት ሰዓት (ቢላችሁ የሚታሰብበት መለኪያ፣ 1000 ዋት የሚስብ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚበላው) እስኪሞላ ያን ያህል ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው። የኔ 1000 ነው፣ ስለዚ አንዷ ብልጭታ አንድ ዋት ሰዓት ናት፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንቴ ብልጭ እንዳለች ቆጥሬ በ60 ሳባዛው በዛች ደቂቃ ቤቱ ስንት ዋት እየሳበ እንደሆነ አገኛለሁ። (1600 ከሆነ ቆጥራችሁ በ37.5 አባዙ፣ 3200 ከሆነ ደሞ በ19 ገደማ።) ፍሪጁን ለአስር ደቂቃ ነቀልኩ፣ ሁሉን አጠፋሁ፣ ኮምፒውተሩንና ሞኒተሩን ብቻ ከፈትኩ፣ የስልኬን ሰዓት አስነስቼ መቁጠር። አንድ... ዝም... ሁለት። ደቂቃው አለቀ። 120 ዋት። ከዛ ከጠረጴዛ ስር ያስቀመጥኳትን ትንሽዬ ሂተር አበራሁ፣ መብራቷ እንደ እብድ ትብለጨለጭ ጀመር፣ በደቂቃ 25 ጊዜ ተጨምሮ። ሂተሯን አጥፍቼ ቦይለሩን ባበራ ያው 25።

እና ይሄን የምጽፈው "ምን ልግዛ ምን ልተው" ለሚል ሰው ነው። ነገሩን ባጭሩ ስነግራችሁ፣ የሚያስብ ዕቃ ብዙ አይበላም፣ የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ነው የሚበላው፣ ግን ሰው ሁሌ የሚጠረጥረው የሚያስበውን ነው ምክንያቱም ፊቱ የተቀመጠው እሱ ነው።

ሒሳቡን እንዴት ነው የምትሰሩት

ዋቱን በሰዓት ማባዛት፣ ከዛ ለ1000 ማካፈል፣ ኪሎዋት ሰዓቱ መጣ፣ አለቀ። በወር 22 የስራ ቀን በ8 ሰዓት ብንይዝ 176 ሰዓት ነው፣ ከዚህ በታች ያሉት ሁሉ በ176 የተሰሩ ናቸው፣ እናንተ 10 ሰዓት የምትሰሩ ከሆነ ራሳችሁ አስተካክሉት። ዋጋ አልጽፍም፣ በየቦታው ይለያያል፣ ቢላችሁ ላይ ያለውን የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ማባዛት ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ ዕቃው ጀርባ ላይ የተጻፈው ዋት ሁሌ እውነት አይናገርም። ሂተር፣ ቦይለር፣ ካውያ ላይ 1500 ዋት ከተጻፈ በርቶ ሲያሞቅ 1500 ነው፣ ሃቀኛ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ 65 ዋት ከተጻፈ ግን መስጠት የሚችለው ከፍተኛው ነው እንጂ ሁሌ የሚስበው አይደለም፣ ባትሪው ሞልቶ ጽሁፍ ምናምን እየሰራችሁ ከሆነ 15 እና 20 ዋት ላይ ሊሆን ይችላል። የዴስክቶፕ ፓወር ሳፕላይም (ከሶኬት የሚመጣውን መብራት ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ሳጥን) እንደዛው፣ 500 ዋት ተጽፎበት ያየ ሰው "500 ዋት እየበላብኝ ነው" ብሎ ይደነግጣል፣ አይደለም፣ የቢሮ ስራ እየሰራ ከ60 እስከ 120 ቢስብ ነው። ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ ዋት መለኪያ አለች፣ ካገኛችሁ ግዙ ወይ ከሰው ተዋሱ፣ ለአንድ ሳምንት ነው የምትፈልጓት፣ እሷ ከሌለች የቆጣሪዋ መብራት በነጻ አለችላችሁ።

ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ

ላፕቶፕ በቀላል ስራ በአማካይ 25 ዋት እንበል፣ በወር 4.4 ኪሎዋት ሰዓት። ዴስክቶፕ ሳጥኑ ብቻ 100 ዋት ብንል 17.6፣ ሞኒተር 25 ዋት ሲጨመር 22። ስለዚ ላፕቶፕ በአምስት እጥፍ ያንሳል፣ ይሄ እውነት ነው፣ ሰው ሁሉ የሚለውም ይሄንኑ ነው። ግን በእጥፍ ማሰብ ያታልላል፣ ልዩነቱ በወር 17 ወይ 18 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ እሱን በዋጋ አባዙትና ለላፕቶፑ ከምትከፍሉት ጋር አስተያዩት፣ እኔ ሳሰላው ላፕቶፑ ዋጋውን እስኪመልስ ራሱ አርጅቶ ይሞታል። ስለዚ ዴስክቶፕ ካላችሁና እየሰራላችሁ ከሆነ መብራት ለመቆጠብ ብላችሁ አትቀይሩ። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ግን ላፕቶፕ፣ እሱም ለቢሉ ብቻ ሳይሆን መብራት ሲጠፋ የራሱ ባትሪ ስላለው ነው፣ እሱ ጋ እመለሳለሁ።

ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይ ሶስት አቅጣጫ ስዕል የሚሰራ ሰው ሌላ ሒሳብ ነው። ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ 400 ዋትና ከዛ በላይ ይስባል፣ ቀኑን ሙሉ እንደዛ ከዋለ በወር 70 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ፣ እሱ ከሂተር ጋ መወዳደር ጀመረ ማለት ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ሬንደር የሚያደርግ (ማሽኑ የመጨረሻውን ቪዲዮ ወይ ስዕል እንዲያወጣ የሚያሰራ) ሰው ብዙ የለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ብሎ ማሰብና መቁረጥ መቀጠል ነው፣ ያኔ ማሽኑም ያርፋል።

ፓወር ሳፕላይ የምትቀይሩ ከሆነ ብቻ ኤቲ ፕላስ የሚል ምልክት ያለውን ፈልጉ፣ ከሚስበው ቢያንስ 80 ከመቶውን ለኮምፒውተሩ ያደርሳል ማለት ነው፣ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እሱን ለማግኘት ብሎ ደህናውን መጣል ግን አያዋጣም።

ማጥፋት፣ ስሊፕ ወይስ እንዳለ መተው

እዚህ ጋ ነው ዴስክቶፕ ያለው ሰው በእውነት የሚጎዳው። ወሩ 720 ሰዓት ነው፣ የምትሰሩት 176፣ የቀረው 544 ሰዓት ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ስራ ፈቶ 60 ዋት ቢስብ 32 ነጥብ ምናምን ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ማለትም ካልሰራችሁበት ሰዓት የምትከፍሉት ከሰራችሁበት በእጥፍ ሊጠጋ ነው። ስሊፕ (ሳይጠፋ እንዲተኛ ማድረግ) ብታስገቡት 2 ዋት ገደማ ነው፣ በ544 ሰዓት 1.1። ሙሉ በሙሉ ብታጠፉት ከዛም ያንሳል ግን ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ ስለዚ "ጠዋት ለማስነሳት ይዘገይብኛል" የምትሉ ሰዎች ስሊፕ በቂ ነው፣ እንዳለ መተዉን ብቻ ተዉት። እኔ ለአስር ደቂቃ ካልነካሁት ስሊፕ እንዲገባ አድርጌዋለሁ፣ መጀመሪያ ያናድድ ነበር፣ ለመድኩት።

ስክሪን ሴቨር የሚባለው ነገር ደሞ፣ ያ ስክሪኑ ላይ የሚዋኝ አሳ፣ መብራት አይቆጥብም፣ ስክሪኑ በርቶ ነው አሳው የሚዋኘው።

ሞኒተር፣ አንድ ወይስ ሁለት

ባለ 24 ኢንች ዘመናዊ ኤልኢዲ ሞኒተር ከ15 እስከ 30 ዋት ነው። ሁለተኛ ብትጨምሩ በወር 4 ወይ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል፣ ስራችሁን የሚያቀላጥፍ ከሆነ ጨምሩ፣ አትጨቃጨቁ። የድሮ ሆዱ የተነፋ ሞኒተር የምትጠቀሙ ካላችሁ ግን እሱ የሁለትና ሶስት አዲስ ሞኒተር ይስባል፣ ለአይንም አይሆንም። ቴሌቪዥንን እንደ ሞኒተር የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፣ ትልቅ ስክሪን በትልቅነቱ ልክ ነው የሚበላው፣ 55 ኢንች 100 ዋት ቢስብ አይገርምም፣ እሱ አያዋጣም።

ብርሃን መቀነስ ይሰራል፣ ግን በጥቂት ዋት ነው፣ ለሷ ብላችሁ አይናችሁን አታጥፉ። ጨለማ ሞድ ደሞ ኦሌድ ስክሪን (እያንዳንዷ ነጥብ ለብቻዋ የምትበራበት) ካልሆነ ምንም አይቆጥብም፣ ተራው ኤልሲዲ ከጀርባው ያለው መብራት ጥቁርም ይታይ ነጭ በርቶ ነው የሚውለው።

ክፍሉን ማሞቅ ወይስ ራስን ማሞቅ

ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። ቢሮ ስትሄዱ ቤቱ ቀን ላይ ባዶ ስለነበር ቢቀዘቅዝም ማንም አይጠይቅም ነበር፣ አሁን ስምንት ሰዓት ሳትንቀሳቀሱ ቁጭ ትላላችሁ፣ ቁጭ ያለ ሰው ደሞ ይበርደዋል። እና ሂተር ይገባል።

1500 ዋት ሂተር በቀን ለ4 ሰዓት፣ በወር 132 ኪሎዋት ሰዓት። የላፕቶፑን 4.4 አስታውሱ። ላፕቶፑ ሰላሳ ጊዜ ቢባዛ ነው ሂተሩን የሚደርስበት። የኔዋ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር የምትበራው፣ እሷም 66 ነው፣ ማለትም "ትንሽ ብርድ እስኪያልፍ" ብዬ የማበራት ነገር ሙሉ ወር ቀኑን ሙሉ ከምሰራበት ጠረጴዛ ሶስት እጥፍ ትበላ ነበር።

ሱቅ ስትገቡ "ይሄኛው ቆጣቢ ነው" ይሏችኋል፣ ዘይት ያለው፣ ባለ ቬንትሌተር፣ ሴራሚክ፣ ቀይ የሚበራው። በቀጥታ በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ሂተር ሁሉ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሰጥታችሁት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ነው የሚሰጣችሁ፣ ከዛ በላይም በታችም የለም። የሚለያዩት ሙቀቱን እንዴት እንደሚያደርሱት ነው፣ ዘይቱ ቀስ ብሎ ሞቆ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ ባለ ቬንትሌተሩ ቶሎ አየሩን ያሞቃል ይጮሃል፣ ቀዩ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው በቀጥታ ያሞቃል ጀርባውን አይነካም። ቁጥብነት ከፈለጋችሁ የምትጠይቁት "ቴርሞስታት አለው ወይ" ብላችሁ ነው፣ ክፍሉ ሲሞቅ ራሱ የሚጠፋ ከሆነ የበራበት ሰዓት ይቀንሳል፣ በሩና መስኮቱ በደንብ የሚዘጋ ክፍል ከሆነ በግማሽም ሊወርድ ይችላል።

ከሂተር በእውነት የሚሻሉ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ማሞቅም የሚችል ኤሲ ነው፣ ሂት ፓምፕ የሚባለው፣ እሱ ሙቀት ከውጪ አየር ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ስቦ ሶስት ያህል ሙቀት ይሰጣል፣ ውጪው በጣም ሲበርድ ይቀንሳል ግን ያኔም ከሂተር አያንስም። ብዙ ሰው ግድግዳው ላይ ያለው ኤሲ ማሞቅ እንደሚችል ሳያውቅ ከስሩ ሂተር ያበራል፣ ሪሞታችሁ ላይ የጸሐይ ምልክት ካለ ሞክሩት። ሌላው ክፍሉን ትቶ ሰውየውን ማሞቅ ነው፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ 100 ዋት ገደማ ነው፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቢበራ እንኳ በወር 17.6፣ ብርድ ልብሱን እግር ላይ ጠቅልሎ ቁጭ ማለት ነው። የእግር ማሞቂያ ምንጣፍም አለ፣ 80 ዋት ምናምን። እኔ የመረጥኩት ብርድ ልብሱን ነው፣ ሲጀመር ሽማግሌ መሰልኩ፣ ቪዲዮ ኮል ላይ ግን ከወገብ በታች ማን ያያል። ሹራብና ወፍራም ካልሲ ደሞ ዜሮ ዋት ነው፣ እናት ስትናገረው ስለማይሰማ ነው እንጂ።

ሙቀት ባለበት ደግሞ

ሙቀቱ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ነገሩ ያው ተገልብጦ ነው። ቬንትሌተር የጠረጴዛው ከ20 እስከ 40 ዋት፣ የጣሪያው ከ50 እስከ 75፣ በ50 ብናሰላው በወር 8.8። ኤሲ 12 ሺህ ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅሙ መለኪያ ነው) የሚባለው አንድ ክፍል የሚበቃው ሲሰራ 1000 ዋት ገደማ ይስባል፣ ከሰዓቱ 60 ከመቶውን ሞተሩ ቢሰራ በወር 105 ኪሎዋት ሰዓት። ልዩነቱ አስራ ሁለት እጥፍ ነው። ግን እኩል ስራ አይሰሩም፣ ቬንትሌተር ክፍሉን አያቀዘቅዝም፣ ላባችሁን በማድረቅ እናንተን ነው የሚያቀዘቅዘው፣ ስለዚ ከክፍሉ ስትወጡ በርቶ ቢቆይ ምንም ጥቅም የለውም፣ ሞተሩ ራሱ ትንሽ ያሞቀዋል እንጂ። አየሩ ከሰውነታችሁ በላይ ከጋለ ደሞ ቬንትሌተሩ የሞቀ አየር ነው የሚነፋባችሁ፣ ያኔ ኤሲ መሆን አለበት፣ እዛ ጋ ቁጠባ ብሎ መታመም አያስፈልግም።

በመሃል ያለውን ምርጫ ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ኤሲውን ከፍ ያለ ዲግሪ ላይ አድርጎ ቬንትሌተር አብሮ ማብራት። ቬንትሌተሩ የሚጨምረው ትንሽ ነው፣ ኤሲው ግን ስራው ይቀላል። አዲስ ኤሲ የምትገዙ ከሆነ ኢንቨርተር ያለውን ግዙ፣ ለረጅም ሰዓት ለሚበራ ነገር ልዩነቱ ይታያል፣ ሞተሩ ጠፋ በራ ከማለት ፍጥነቱን እየቀነሰ ስለሚሄድ ማለት ነው። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ለምታበሩት ግን ተራውም ይበቃል። እና አንድ ነገር ልጨምር፣ ኮምፒውተሩ የሚስበው ዋት ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ሆኖ ክፍላችሁ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ኤሲ ባለበት ክፍል 400 ዋት የሚስብ ማሽን ካለ አንዴ ለማሽኑ አንዴ ሙቀቱን ለማስወጣት ሁለቴ ትከፍላላችሁ፣ ላፕቶፕ እዚህ ጋ ትንሽ ነጥብ ያገኛል።

ቦይለር እና የውሃ ማፍያ

የኔ ሁለተኛው ሌባ ቦይለሩ ነበር። ድሮ ጠዋት አብርቼ ታጥቤ ስወጣ አጠፋዋለሁ፣ እቤት መዋል ስጀምር "ሰው አለ" ብለን በርቶ መዋል ጀመረ፣ ማንም ይሄን እንደ ለውጥ አልቆጠረውም። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ ይሄ ካልታጠባችሁ አይቀርም፣ የሚቀረው ግን በርቶ ሲውል ቀዘቀዘ ሞቀ ቀዘቀዘ ሞቀ እያለ ለማንም ሳይሆን የሚያጠፋው ነው፣ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓትና ትንሽ፣ በወር 36 አካባቢ፣ ቦይለሩ አሮጌ ከሆነ ከዛም በላይ። በሰዓት የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ማስገባት ወይ በእጅ ማጥፋት፣ እኔ በእጅ እያጠፋሁ ሶስት ቀን ረሳሁና ታይመር አስገባሁ። ለቦይለር የምትገዙት ታይመር ግን ያን ጭነት የሚችል መሆን አለበት፣ ለአምፖል የተሰራውን ብታደርጉበት ይቃጠላል፣ ኤሌክትሪሺያን ቢሰራው ይሻላል።

የውሃ ማፍያው ደሞ 2000 ዋት ሲባል ያስፈራል፣ ግን የሚበራው ለደቂቃዎች ነው። አንድ ሊትር ከ20 ዲግሪ አፍልቶ ለማውጣት 0.1 ኪሎዋት ሰዓትና ትንሽ ነው። ችግሩ አሞላሉ ላይ ነው፣ በቀን አራቴ አንድ ሊትር ተኩል እየሞሉ ለአንድ ብርጭቆ ማፍላት በወር 14 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፣ ጠዋት አንድ ሊትር አፍልቶ ፔርሙዝ ውስጥ ማድረግ ደሞ 2.4 ነው። ከምድጃና ከማፍያ ማን ይሻላል ለምትሉ፣ ማፍያው፣ ምክንያቱም ማሞቂያው ውሃው ውስጥ ወይ ከስሩ ተጣብቆ ነው ያለው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ራሱ ግሎ ድስቱ ግሎ ነው ውሃው የሚሞቀው፣ አየሩንም ያሞቃል።

የማያስጨንቁ ነገሮች

ራውተር 10 ዋት ቀን ከሌት በወር 7.2፣ ግን ከቤት ባትሰሩም በርቶ ነበር አይደል? ስለዚ እንደ አዲስ ወጪ አትቁጠሩት። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ቀኑን ሙሉ ቢበራ 1.6፣ የድሮው 60 ዋት 10.6፣ ከመቀየር ሁሉ ቶሎ የሚያዋጣው ይሄ ነው፣ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ደሞ ከሱም ይሻላል። የስልክ ቻርጀር ስልኩ ሳይሰካበት የሚስበው የዋት አስረኛ ያህል ነው፣ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ስነቅል የነበረው ለሱ ነው እንግዲህ። ስልኩን ራሱ በየቀኑ ሙሉ ብትሞሉት በዓመት 7 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ጠፍቶም የሚስብ ዕቃ ጉዳይ ድሮ ከባድ ነበር፣ ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ በ1999 (እ.ኤ.አ.) "ከአንድ ዋት አይብለጥ" የሚል ዘመቻ ጀመረ፣ የአውሮፓ ህብረት ደሞ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለአብዛኛው አዲስ ዕቃ ግማሽ ዋት ብሎ ገደበ፣ ስለዚ አዲስ ዕቃ ላይ ዲቫይደሩን ካላጠፋሁ ብሎ መጨነቅ ብዙም አያስፈልግም፣ አሮጌ ስፒከርና አምፕሊፋየር ካላችሁ እሱን ንቀሉ።

ፕሪንተር፣ በሳምንት ሁለት ወረቀት ከሆነ የምታትሙት ኢንክጄት ነው በመብራት የሚያንሰው፣ ሌዘሩ ቀለሙን በሙቀት ስለሚያጣብቅ ሲያትም መቶዎች ዋት ይስባል፣ ግን ሰከንዶች ነው። ስትጨርሱ አጥፉት፣ በቃ።

ዩፒኤስ ወይስ የላፕቶፕ ባትሪ

መብራት የሚጠፋበት ቦታ ለምትሰሩ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ያለው ሳጥን) ራሱ ይበላል፣ መብራት ኖሮም ቢሆን ባትሪውን ጠብቆ ለማቆየት ጥቂት ዋት ቀን ከሌት ይስባል፣ 7 ዋት ብንል በወር 5 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ከላፕቶፑ ይበልጣል። ዴስክቶፕ ካላችሁ ግን ግዴታ ነው፣ የሰራችሁት ፋይል ከሚጠፋ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይሂድ። ላፕቶፕ ላላችሁ ትልቁ ዩፒኤስ ምንም አይሰራላችሁም፣ ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው፣ የሚጠፋባችሁ ዋይፋዩ ነው፣ ለራውተር ብቻ የተሰራች ትንሽ ዩፒኤስ አለች፣ ቮልቱን አይታችሁ (አብዛኛው ራውተር 12 ነው፣ 9 ቮልትም አለ) እሷን ግዙ። ትልቅ ባትሪና ኢንቨርተር (እዚህ ጋ የባትሪውን ኃይል ወደ ሶኬት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) የምታስገቡ ከሆነ ባትሪ ውስጥ ያስገባችሁትን ሁሉ መልሳችሁ አታገኙም፣ አሲድ ያለው ባትሪ ከሊቲየሙ ይልቅ በመንገድ ላይ ብዙ ያባክናል፣ ለመጠባበቂያ ነው እንጂ ቢል ለመቀነስ አይሆንም።

ታሪፉን ሳታዩ አትወስኑ

ይሄ ክፍል ደረቅ ነው ግን ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው። ብዙ ቦታ ላይ ታሪፍ በደረጃ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ኪሎዋት ሰዓቶች ርካሽ፣ እየጨመራችሁ ስትሄዱ የሚቀጥለው ደረጃ እየተወደደ ይሄዳል። ከቤት በመስራታችሁ የተጨመረው ፍጆታ የሚወድቀው ውዱ ደረጃ ላይ ነው፣ ርካሹን ፍሪጁና አምፖሉ አስቀድመው ጨርሰውታል። ስለዚ ጠቅላላውን ቢል ለጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓት አካፍላችሁ ባገኛችሁት አማካይ አታስሉ፣ በደረሳችሁበት የመጨረሻ ደረጃ ዋጋ አስሉ። አንዳንድ ቦታ ደሞ ደረጃውን አንዴ ካለፋችሁ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉም በአዲሱ ዋጋ ይታሰባል፣ እንደዛ ከሆነ ድንበሯ ላይ ያላችሁ ሰዎች አስር ኪሎዋት ሰዓት መቀነስ ብቻ ቢሉን ዱብ ሊያደርገው ይችላል፣ ቢላችሁን ገልብጣችሁ አንብቡት።

በሰዓት የሚለያይ ታሪፍ ምርጫ ከተሰጣችሁ ደሞ ቶሎ አትፈርሙ። ቢሮ የሚውል ሰው ቀን አይጠቀምም፣ ማታ ርካሽ ስለሆነ ይጠቅመዋል፣ እናንተ ግን ውዱ ሰዓት ላይ እቤት ናችሁ። ቦይለሩን፣ ልብስ ማጠቢያውን፣ ካውያውን ወደ ርካሹ ሰዓት መግፋት ከቻላችሁ ያዋጣል፣ ሂተርና ኤሲ ግን ወደ ማታ አይገፋም፣ የሚበርዳችሁና የሚሞቃችሁ ቀን ነዋ።

ቤት ወይስ ቢሮ፣ እና ከአሰሪ መጠየቅ

ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት ከቤት የሚሰራ ሰው ቢሮ ከሚውልበት ቀን ጋር ሲነጻጸር የቤቱ የኢነርጂ ፍጆታ ከ7 እስከ 23 ከመቶ ይጨምራል፣ ይሄን ያህል የሚራራቀው በብርዱ፣ በሙቀቱና በቤቱ ስፋት ነው። በዛው ጽሁፍ ላይ በመኪና የሚሄድ ሰው መንገዱ በአንድ ጉዞ ከ6 ኪሎሜትር በላይ ከሆነ እቤት መዋሉ ወደ አየር የሚለቀውን ካርቦን ይቀንሳል ይላል፣ ከዛ ካነሰ ወይ በአውቶብስ የምትሄዱ ከሆነ እቤት መዋል ካርቦኑን ትንሽ ሊያስጨምር ይችላል። በገንዘብ ሲሆን የትራንስፖርታችሁን ወጪ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሂተርና ኤሲ የማትጠቀሙ ከሆነ ግን የመብራቱ ጭማሪ ከትራንስፖርት ጋር የሚወዳደር አይመስለኝም።

ከአሰሪያችሁ ማካካሻ የምትጠይቁ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የጠረጴዛውን ዋት ለክቶ በስራ ሰዓት ማባዛት ነው፣ ንጹህ ነው፣ ማንም አይከራከራችሁም፣ ግን ትንሹን ነው የሚያወጣላችሁ። ሌላው ስራ በምትሰሩበት ቀን ጠዋትና ማታ ቆጣሪውን ማንበብ፣ ከቤት በወጣችሁበት ቀን በዛው ሰዓት ማንበብ፣ ልዩነቱን መያዝ፣ ይሄኛው ሂተሩንም ውሃውንም ይይዛል፣ ቢያንስ አምስት አምስት ቀን አንብቡና አማካዩን ውሰዱ አለዛ አንድ ቀን ልብስ ካጠባችሁ ይበላሻል። እኔ ሁለቱንም ሰርቼ በአንድ ሰንጠረዥ ላኩላቸው። የኮምፒውተሩን 21 ኪሎዋት ሰዓት ወዲያው ተቀበሉ፣ የሂተሩን 66 ግን "የግል ምቾት ነው" ብለው ሰረዙት።